ቦራ የላሰችው ሰሌዳ

ሰኔ 10

የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ዛሬ ፈረመ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ አሮጌዎቹ መጻሕፍት "አገልግሎት የማይሰጡ" ተብለዋል። አራት ቁጥር ክፍል ሙሉ፣ እስከ ጣራ ድረስ። ክረምቱ ሳይገፋ ክፍሉ ይለቀቅ አሉኝ። የሚፈልጋቸው ሰው ተገኘ ቢባል የገበያ ቅመም ሻጭ ነው፤ ለበርበሬ መጠቅለያ።

ይህ ደብተርም ከተወገዱት አንዱ ነው። የውሰት መዝገብ ነበር። አራት አምድ አለው፦ ስም፣ የተወሰደበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ ሁኔታ። በዚህ ባራተኛው አምድ ሃያ ሦስት ዓመት "ገጽ ጎድሎታል"፣ "ሽፋኑ ተገንጥሏል"፣ "ሙሉ ነው" እያልሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከኋላው ብዙ ንጹሕ ገጽ ተርፎታል። ንጹሕ ወረቀት ሲጣል አልወድም፤ የራሴን እጽፍበታለሁ።

ሽፋኑ ላይ "የኃላፊ ስም" ይላል። የሺ ወርቁ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ደብረ ታቦር። ተማሪዎቹ ከጀርባዬ "እሜት ጸጥታ" እንደሚሉኝም ይመዝገብልኝ።

ልጄ ኤርምያስ ግንቦት 21 ቀን ሳይሰናበተኝ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል። አልደወለም። ስለሱ ግን እዚህ አልጽፍም።

ሰኔ 14

ዶሮ ሠራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣራው አንጠባጥቦ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አበሰበሰብኝ። ገጹ በእጄ ሲቦጫጨቅ ጊዜ የዱቄት ኮላ በጠበጥሁና ካርቶን ላይ መለጠፍ ያዝሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ክንፍ ሆነ፣ ምንቃር ሆነ፣ ዶሮ ሆነች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ዓለምነው ክፍሉን ልቀቂ ሊሉኝ መጥተው አዩዋት።

"ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"እርስዎ?" አሉ፤ ድንጋይ ተናገረ ያልኋቸው ይመስል።

ከዚያ ቁጭ አሉ። ለቡሄ ወላጆችን አዳራሽ ሊሰበስቡ ነው። አምና ከልጆቹ ግማሹም አልተመዘገበም። ገበሬው "አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ለሚዘጋ ትምህርት ቤት ልጄን ከሥራ አላስፈታም" ይላል። ምን ይፈረድበታል?

"አዳራሹ ባዶ ግድግዳ ነው፣ ወይዘሮ የሺ። ከነዚህ መጻሕፍት አንድ ትልቅ ነገር ይሥሩልን። እስከ ቡሄ ክፍሉን አላስለቅቅዎትም።"

"እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። በኛ ቤት የሚሥለው…" ብዬ አቋረጥሁት።

"ዶሮዋ ዶሮ ትመስላለች" ብለው ሄዱ።

ሰኔ 19

ከመጋዘን እግሩ የተሰበረ የእንጨት ጥቁር ሰሌዳ አወጡልኝ። ባቆመው ከኔ ይረዝማል።

ምን ልሥራበት? ጉናን። ደመና ካልጋረደው ከመስኮቴ የማየው ተራራ እሱ ነው። ሰማዩን ከጂኦግራፊ ካርታ፣ ከባሕሩ ሰማያዊ። ገደሉን ከጥቋቁር ሽፋኖች። ከሥር የገብስ ማሳ፣ ዕድሜ ካቢጫቸው ገጾች።

የመጀመሪያውን ገጽ በሩን ዘግቼ ቀደድሁ። ገጽ የቀደደን ሳንበረክክ የኖርሁ ሴት! የገጽ ጠርዝ አጥፎ መለሰ ብዬ የልጅ ጆሮ ቆንጥጫለሁ። አሁን እግሬን ዘርግቼ እቦጫጭቃለሁ። ድምፁ ደስ ይላል። ይህን ለማንም አልናገርም።

በመምህራን ክፍል ሳልፍ ሰማሁ፦ "ልጇ ከሄደ ወዲህ ነካ አድርጓታል መሰለኝ።" እናንተን ነካ ያድርጋችሁ! የታዘዝሁትን ሥራ ነው የምሠራ። ከልጄ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሰኔ 26

ደወልሁ። "የደወሉላቸው ደንበኛ…" ስትል ዘጋሁባት። ያቺን ሴትዮ ጠልቻታለሁ።

መተማ ዘንቦ ይሆን?

ሐምሌ 3

ሰሌዳው ላይ ስስ ወረቀት አልይዝ አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ወፈር ያለ ምንጣፍ አነጠፍሁበት። በየመጽሐፉ መጀመሪያ የተዋሾች ስም የሚጻፍበት ወፍራም ገጽ አለ፤ ስም፣ ክፍል፣ ዓመተ ምሕረት፣ አንዱ ተማሪ ከሌላው ሥር። እነዚያን ገንጥዬ ሰሌዳውን ዳር እስከ ዳር ለበጥሁት። ማሳው ይሸፍናቸዋል።

ስገነጥል የኤርምያስን የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አገኘሁት። ከስሙ ሥር ያቺ ስዕል አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገች፣ ሻሿን ያቆመች ሴትዮ፣ እግሯ የዶሮ። "ጸጥታ!" ይላል። በዚህች ስዕል ክፍል ሙሉ ተማሪ እያየ በጥፊ አጩዬዋለሁ። "መጽሐፍ የመንግሥት ነው፤ መጫወቻህ አይደለም" ነበር ያልሁት። ያናደደኝ ግን መንግሥት አይደለም። እኔን መምሰሏ ነው።

ዛሬ ሳቄ መጣ። ስቄ ስቄ ዓይኔን በኮላ እጄ ጠረግሁት፤ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ከሰሌዳው ግርጌ በኩል ፊቷን ወደ ውጭ አድርጌ ለጠፍኋት፤ ሲደርቅ ገብስ አለበስኋት። እዚያ መኖሯን የማውቀው እኔ ነኝ። ይበቃል።

ሐምሌ 8

ሻጋታ! ሰማዩ ላይ ሻጋታ ወጣ። ክረምትና ዱቄት አይስማሙም።

አሰብሁ አሰብሁና መላ መጣልኝ። ቋንጣን ከርሞ የሚያቆየው ምንድን ነው? ጨው አይደል? የቀረው ኮላ ውስጥ ሁለት እፍኝ ጨው ዶልሁና ሻጋታው ወደ ታች እንዳይወርድ ማሳውን በሙሉ እንደገና በላዩ ለበጥሁት።

ሐምሌ 12

ሻጋታው ማሳው ላይ አልወጣም። ብልህ ነኝ።

ሐምሌ 15

መልካሙ መጣ። የኤርምያስ አብሮ አደግ ነው፤ አብረው ነው የወረዱት። ወባ ጥሎት ተመለሰ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ምሳ አቀረብሁለትና ሁለት ጉርሻ እስኪውጥ እንኳ አልታገሥሁትም።

"እሱስ?"

"ደህና ነው፣ እትየ። እሱንም ይዞት ነበር፤ ተሻለው።"

"ስልኩ ምን ሆነ?"

"ዝናብ ገብቶበት ሞተ። ሲፈልግ በሰው ስልክ ነው የሚደውል።"

ለካ ሲፈልግ ይደውላል። መልካሙም አፉን እንዳዳለጠው ገባውና ወጡን ማየት ጀመረ።

"ስትመጣ ለእናቴ እንዲህ በላት አላለህም?"

"ምን ልበላት ብየው ነበር፣ እትየ። ዝም አለ።"

እንግዲህ ልጻፈው። ካልጻፍሁት ደብተር መያዙ ምን ይረባል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀ በኋላ ስምንት ወር ቤት ተቀመጠ። ሲሥል ይውላል። በካርቶን፣ በግድግዳ፣ በከሰል። ግንቦት 20 ቀን እንግዶች መጥተው አንዷ "ልጅሽ አሁን ምን ይሠራል?" አለችኝ። አፈርሁ። እሱ በር ላይ ቆሞ እያየሁት፦ "ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው ልጅ መጽሐፍ ሳድል፣ የኔው ባዶ ሆኖ ቀረ" አልሁ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግሥቱ ብርድ ልብሱ ታጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

ባዶ አልሁት። የወለድሁትን።

ሐምሌ 24

አራት ቁጥር ጣራው ለየለት። ሰሌዳውን በአራት ሰው አሸክሜ ወደ ሰፈር፣ ውዴ ወደምትባል ጎረቤቴ በረት አስገባሁት። በረቱ አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ጠብ አይልበትም። ላሟ ቦራ ከወዲያኛው ጥግ ታስራለች። "ገመዷ አይደርስም፣ እትየ፤ እንቅልፍሽን ተኚ" አለችኝ ውዴ።

ሃያ ቀን እንኳ አልቀረኝም። የተራራው አናት ብቻ ይቀራል።

ሐምሌ 26

እንዲህ ያለ ቀን ለጠላቴም አይስጠው።

ገና ፊቴን ሳልታጠብ፦ "እትየ የሺ! ኧረ ድረሽ! ላሜን ገደልሻት!" የሚል ጩኸት። ሮጬ ገባሁ። ቦራ ገመዷን ፈትታ ሰሌዳው ሥር ቆማለች። ጉና በቦታው አለ፤ ሰማዩም አለ። ከወገቡ በታች ማሳው የለም። ልሳ፣ ግጣ ጨርሳዋለች። ከናፍሯ ላይ የሥነ ዜጋ ገጽ ተለጥፏል፤ እያየችኝ ታመነዥካለች።

"ብትነፋብኝ ማንን እጠይቃለሁ? ላም አልሰጠሁሽም፣ በረት ሰጠሁሽ እንጂ!" ውዴ እግሯን እየመታች ትጮኻለች።

"የአምስት ሳምንት ሥራዬን በልታ አንቺው ትጮኺብኛለሽ?"

"ላም ወረቀት ትበላለች? ምን ቀብተሽው ነው?"

የቦራን ገመድ ከመሬት ማንሣት ያዝሁ።

"ምን ቀብተሽው ነው እኮ?"

"ጨው።"

"ጨው?" አፏን ከፍታ ቀረች። "ለላም? እንዲያው ነይ ብይ ብለሽ ጠራሻት በይኛ! ያን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ መሐል ተቀምጠሽ ላም ጨው ትወዳለች የሚል አንድ አላገኘሽም?"

እበቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ውዴ ዝም ስትል ጊዜ እሷም ያዘነችልኝ መስሎኝ ቀና አልሁ። እኔን እያየች አይደለም። ሰሌዳው ሥር ጎንበስ ብላለች። ከሥር የለበጥሁት ያለ ጨው ስለነበር ቦራ አልነካችውም። ስሞቹ ሁሉ ወጥተዋል። ውዴ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦

"ውዴ ማሩ። ሰባተኛ ለ። 2005።" ቀስ ብላ ደገመችው። "እትየ፣ ይቺ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ።"

"በዚያ ዓመት እኮ ነው የዳሩኝ። መጽሐፉን ታናሽ ወንድሜ ነው የመለሰልኝ።" እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ስሟን ነካችው። "ጽሕፈቴ ያምር ነበር፣ አይደል?"

"ያምራል" አልኋት። እውነቴን ነው።

ጣቷን ወደ ግርጌው አወረደችና፦ "ይቺ የዶሮ እግር ያላትስ… እትየ፣ አንቺ አይደለሽም?"

ነሐሴ 1

ቦራ ደህና ናት። አልተነፋችም። ጭራሽ ወተቷ ጨመረ ትለኛለች ውዴ፤ የፍልሰታ ጾም በገባበት ቀን የወተት ነገር ለምን እንደምትነግረኝ እንጃ።

እኔ ግን ገብስ መቅደድ አልሆነልኝም። አሥራ ሁለት ቀን ቀረ።

ነሐሴ 3

ወደ መሪጌታ ሞገስ ሄድሁ። ድጓ ያስተምራሉ፤ የተገነጠለ መጽሐፍ ይጠርዛሉ፤ በወጣትነታቸው ብራና ይጽፉ ነበር።

"የኔታ፣ ሻጋታ የማይደፍረው፣ ላም የማትልሰው ኮላ አንቱ ያውቃሉ?"

ከት ብለው ሳቁ። ወሬው ደርሷቸዋል። "ጨው አልሽ? እንኳንስ ላም እኔም ጾም ባይሆን እልሰው ነበር! እሬት ጨምሪበት። እሬት ያለበትን እንኳን ላም ብልም አይቀምሰው።"

"እሺ። የተበላውን ማሳ በሱ መልሼ እሸፍነዋለሁ።"

"ከሥሩ ምን ወጣ?"

"የተማሪ ስም። ብዙ ስም።"

ሳቃቸውን ተዉ። "ልጄ፣ ብራና ሲፋቅ አንዳንዴ ይቀደዳል። ቆዳው ስንት ድካም የፈሰሰበት ነውና ጸሐፊው አይጥለውም። ቀዳዳውን እየዞረ ይጽፋል። የቆዩትን መጻሕፍት ግለጪ፤ ከቃሉ መሐል ቀዳዳውን ታገኚዋለሽ።"

ስመለስ እሬት ቆርጬ ያዝሁ። ሽታው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ኤርምያስን ጡት ያስጣልሁት በእሬት ነው። ቀምሶ አየኝ። ሦስት ቀን አለቀሰ፤ በአራተኛው ረስቶ እቅፌ ውስጥ ገባ። ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሃያ ዓመቱ ላይ ስንት ቀን ይፈጃል?

ነሐሴ 9

ቀዳዳውን እየዞርሁ ሠራሁ። ቦራ የላሰችበት ጠርዝ ላይ እሬት ባለው ኮላ ቀጫጭን ገብስ ተከልሁ፤ ስሞቹ ከገብሱ መሐል የወጡ መስለዋል። ልዋሽ አልችልም፤ ከቀድሞው ይሻላል።

አቶ ዓለምነው በረት ድረስ መጡ። እበት እየዘለሉ አዩት፣ አዩት። "ስሞቹ ይሁኑ" አሉ። "ይቺን ስዕል ግን ይሸፍኗት። የእርስዎን ክብር ትነካለች።"

"አስብበታለሁ" አልሁ።

ከሄዱ በኋላ አንድ ቅዳጅ ገብስ ኮላ ቀብቼ ስዕሏ ፊት ቆምሁ። አሁን ልለጥፍ፣ አሁን ልለጥፍ ስል ኮላው እጄ ላይ ደረቀ።

ነሐሴ 12

ጥድፊያ። ሰሌዳው አዳራሽ ገባ። ሰቀሉት። ጠመመ። አወረዱት። ሰቀሉት። ጣቴ በእሬት ሁሉን ነገር እያመረረብኝ ነው።

ስዕሏን አልሸፈንኋትም።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ገና ሲነጋ ጀምሮ የጅራፍ ጩኸት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ይመጣል ብለን ነበር፤ መቆሚያ ጠፋ።

አቶ ዓለምነው ንግግር አዘጋጅተው ነበር። ማን ይስማቸው? ሰዉ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ተደፍቷል። "የኔን አገኘሁት!" "እህቴ! እህቴ እዚህ አለች!" አንዲት ወጣት ሐኪም ስሟ ላይ ጉንጯን አስጠግታ ፎቶ ተነሣች። አንድ አዛውንት ገበሬ ክንዴን ያዙኝ፦ "እኔ ማንበብ አልችልም። የልጄን ስም ፈልጊልኝ፤ ሙሉቀን ይባላል።" ፈልጌ ጣታቸውን አስቀመጥሁበት። ጣታቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆሙ። "ታናሹን አስመዘግባለሁ" አሉ በመጨረሻ። ስለ ሙሉቀን አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ልጆቹ ስዕሏን አገኟት።

"እሜት ጸጥታ! እሜት ጸጥታ ነች!" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት የአሥር ዓመት ደፋር ወደኔ ዞረች። "ማን ነው የሣለሽ?"

ሰዉ ጸጥ አለ። ስንት ዓመት ስለምነው የኖርሁት ጸጥታ ዛሬ ሳልፈልገው መጣ። ግን ልጄን ባዶ ያልሁት በሰው ፊት ነው፤ ይህንንም በሰው ፊት ማለት አለብኝ።

"ልጄ ነው" አልሁ። "ኤርምያስ። በዚህች ስዕል በጥፊ መትቼዋለሁ። ኋላም ከጥፊ የባሰ ቃል ተናገርሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። እጁን ግን እዩት፤ ይህ እጅ ባዶ ነው?"

ማንም አልሳቀም። መልካሙ ከኋላ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል።

ምዝገባው ጠረጴዛ ጋ ሰልፍ ሆነ። ከፊት የቆመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ውዴ። "የማታ አላችሁ? ከሰባተኛ ነው የምቀጥለው፤ ማስረጃዬ ግድግዳው ላይ ነው" ትላለች፣ ወገቧን ይዛ።

ነሐሴ 21

የማላውቀው ቁጥር ነበር። ደጅ ልብስ ስሰበስብ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል።

"እማየ።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "ይቅር በለኝ" አልሁት። "ባዶ አይደለህም። እኔ ነኝ ባዶ አፍ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ! ሃሎ!" አልሁ።

"አለሁ። መልካሙ ላከልኝ፤ አየሁት። እዚህ ያሉትም ሁሉ አዩት።" ድምፁ ጎርንኗል። "እማየ፣ ያቺን ስዕል ግን እንዴት ልትገልጫት ቻልሽ?"

"እኔ አይደለሁም። ቦራ ናት የገለጠቻት።"

"ቦራ ማን ናት?"

"የውዴ ላም።"

መጀመሪያ ትንፋሹን ሰማሁ። ከዚያ ሳቀ። ከፋሲካ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ፤ እየሳለ፣ እየተናነቀው፣ "ላም? ላም?" እያለ። እኔም ሳቅሁ። የተሰበሰበው ልብስ እንደገና ራሰ።

"እግርሽን የዶሮ ማድረጌ ግን…"

"ተወው! ዶሮ እኔም ችዬበታለሁ። መጥተህ ታያታለህ።"

"ለዘመን መለወጫ" አለ። "መንገድ ከተከፈተ።"

ጳጉሜን 1

መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ሌላው "ተከፍቷል" ይላል። ዛሬ ሦስቴ መናኸሪያ ወርጄ ወጣሁ። የባጃጁ ልጅ "እትየ፣ አሁንስ እዚያው መናኸሪያው ቤት ሥሪ" ብሎ ቀለደብኝ።

አራት ቁጥርን አያስለቅቁኝም። ከሌላ ትምህርት ቤት ሁለት ርዕሳነ መምህራን መጥተው እንዲህ ያለ ሰሌዳ ይሠራልን ብለዋል። አቶ ዓለምነው "ሠዓሊ እንፈልግልዎት?" ሲሉኝ፣ "አንድ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ ነው" አልኋቸው። አፌ አምልጦኝ ደነገጥሁ።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

እየዘነበ ነው። ውዴና ልጆቿ ደጅ ወጥተው በሩፋኤል ጠበል እየተጠመቁ ይጯጯሃሉ። እኔ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፤ ወጡ ያርርብኛል። እሱ አዳራሽ ሄዶ፣ ሰሌዳውን አይቶ፣ ኮላውን በጣቱ ነክቶ ቀምሶ፣ "መረረኝ!" ብሎ ምራቁን እየተፋ መጥቷል። አሁን ዶሮዋን እጁ ላይ ይዞ ክንፏ ምን እንደጎደለው እያስረዳኝ ነው።

መዝገቡን ግን በወጉ ልሙላው።

ስም፦ ኤርምያስ።
የተወሰደበት ቀን፦ ግንቦት 21።
የተመለሰበት ቀን፦ ጳጉሜን 3።
ሁኔታ፦ ከስቷል፤ ጠቁሯል። ሙሉ ነው።